ዋንጫው ያለው አራተኛው ሰው እግር ላይ ነው

የኳስ ቤተሰቡ ይቅር ይበለኝና ዛሬ የምጽፈው ስለ ሩጫ ነው። ግን ከኳስ ልነሳ፤ አለበለዚያ ገጹን ገልጣችሁ ማለፋችሁ ነው። የ2016 ዓ.ም ፕሪምየር ሊግ እንዴት እንዳለቀ ትዝ ይላችኋል። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና መቻል እስከ መጨረሻው ተናንቀው ባንክ ዋንጫውን በላ። ካፌው፣ ታክሲው፣ መስሪያ ቤቱ ሁሉ ሲያወራ የከረመው ይህንኑ ነበር።

እነዚሁ ሁለት ማልያዎች በየዓመቱ ሌላ ቦታም ይናነቃሉ። ቦታው ጃን ሜዳ፣ ውድድሩ ደግሞ አገር አቋራጭ ነው። መቻል (ብዙዎቻችን አሁንም መከላከያ እያልን የምንጠራው)፣ ንግድ ባንክ፣ ኦሜድላ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ኤሌክትሪክ፣ የክልልና የከተማ ክለቦች በአንድ መስመር ይቆማሉ። ተኩሱ ይሰማል፣ ጭቃው ይበናል፣ ከዚያ እኛ ጋዜጠኞች አንደኛ የወጣውን ልጅ ከበን ፎቶ አንስተን፣ ስሙን ጽፈን እንሄዳለን። ክለቦቹ ግን ልባቸው ተንጠልጥሎ የሚጠብቁት ሌላ ሰው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገር አቋራጭ የቡድን ውጤት የሚሰራው በደረጃ ድምር ነው። በዓለም ሻምፒዮና ላይ በአዋቂዎች አንድ አገር ስድስት ሯጭ ያሰልፋል፣ ቀድመው የገቡት አራቱ ይቆጠሩለታል፣ ትንሽ ቁጥር ያመጣ ያሸንፋል። እስቲ አንድ ቡድን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሶስተኛ ወጣ እንበል። ሜዳሊያውን ጠራርጎ ወሰደ ማለት ነው። አራተኛው ልጁ ግን 40ኛ ሆኖ ገባ። ድምሩ 46 ነው። ሌላው ቡድን አንድም ሜዳሊያ የለውም፤ ልጆቹ ተያይዘው 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ 7ኛ ገቡ። ድምሩ 22 ይሆናል። ዋንጫው የማን ነው? ሜዳሊያ የሌላቸው ልጆች ናቸው ዋንጫውን ተሸክመው የሚሄዱት። ሶስት ምርጥ አጥቂ ይዞ በረኛ የሌለው ቡድን ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከትልቁ መድረክ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ በ2004 ብራሰልስ ላይ በረጅሙ ርቀት ቀነኒሳ በቀለ፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያምና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት! ኬንያ ከ1986 ጀምሮ ለ18 ተከታታይ ዓመታት የያዘችው የወንዶች የቡድን ዋንጫ በዚያ ቀን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የሶስቱን ስም ሕጻን ልጅ ይነግራችኋል። አራተኛ ሆኖ ነጥብ ያስቆጠረልን ማን ነበር? ኳስ ቢሆን ተቀይሮ የገባውን፣ ቢጫ ያየውን፣ ወንበር ላይ የቀረውን ሳይቀር በቃላችን እንይዝ ነበር።

ይህን አራተኛ ሰው ፍለጋ ነው ወደ ሱሉልታ የወጣሁት።

ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል በጎጃም መንገድ ስትወጡ፣ ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲዘረጋ ሱሉልታ ናችሁ። ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የክለብ ሰርቪሶች መንገድ ዳር ተደርድረዋል፤ መስታወቱ በትንፋሽ ደብዝዞ ውስጡ አይታይም። ከኮተቤ፣ ከሲኤምሲ፣ ከአያት አካባቢ ልጆቹን እየለቀሙ ለመድረስ ሾፌሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለበት። ያረፈደ ላዳ ተኮናትሮ ይመጣል እንዳትሉ፣ በክለብ ደሞዝ ላዳ የለም። አርፍዶ የቀረ እዚያው ሰፈሩ ብቻውን ይሮጣል። እሱ ደግሞ በሯጮች ዓይን አልሮጠም ማለት ነው።

ይህን ነገር በደንብ ያየው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ማይክል ክሮሊ የሚባል እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ራሱም ጠንካራ የማራቶን ሯጭ፣ አዲስ አበባ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ ከአትሌቶቻችን ጋር ሲሮጥ ከረመና እ.ኤ.አ በ2020 መጽሐፍ አወጣ። የተማረው ትልቁ ነገር ምንድን ነው ቢሉ፣ እኛ አገር ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው እንደሚሮጥ ነው የሚታየው፤ መለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር መሮጥ አለበት። ፈረንጅ የልብ ምት መቁጠሪያ እጁ ላይ አስሮ ለብቻው ይወጣል። የእኛ ልጅ ከፊቱ ያለውን ልጅ ተረከዝ እያየ ይሄዳል።

ተረከዝ እያየ ስል ለማጋነን አይደለም። ሜዳውም ላይ ሆነ ባህር ዛፉ ውስጥ ሰልፉ በአንድ ረድፍ ነው። የፊተኛው ይመራል፤ ፍጥነቱን እሱ ይዞታል፤ ድንጋይ ካለ በእጁ ያሳያል። ሌላው እግሩ ያረፈበት ላይ እግሩን እያሳረፈ ይከተላል። ዛፉን እየዞሩ፣ ዳገቱን እያካለሉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አሰልጣኙ የተራ ለውጥ ሲያዝ መሪው ወደ ጎን ይላል፣ ቀጣዩ ይረከባል። መምራት ከባድ ስራ ነው፤ ነፋሱም ሃሳቡም ያንተ ነው። ሁልጊዜ ተከትሎ፣ አንድም ቀን ሳይመራ፣ ውድድር ላይ ብቅ የሚል ልጅ ይኖራል። ሰርቪስ ውስጥ ይህን አይረሱለትም፤ ቀልዱ እስከ ሰፈሩ ይከተለዋል። እኔም የጋዜጠኛ ነገር ሆኖብኝ አንድ ማለዳ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ገብቼ ሞክሬ ነበር። ሃያ ደቂቃ አልሞላሁም። ያውም ለእነሱ ማሟሟቂያቸው ነበር።

ሱሉልታ የሜዳ አገር ነው። ቀነኒሳ በቀለም የሩጫ ትራኩን የሰራው፣ ኃይሌ ገብረስላሴ ከሸሪኩ ጋር ያያ ቪሌጅን ያቆመው እዚሁ ነው። ቡራዩ ደግሞ ዳገትና ደን ነው፤ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህና ወዲያ ያለው መሬት እግር ያጠነክራል። ሰበታ አስፋልት ነው። ሰበታን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በኳስ ነው፤ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም በፕሪምየር ሊጉ ስትጫወት አይተናታል። ሯጩ ግን ሰበታ ሲባል ትዝ የሚለው የጅማ መንገድ፣ ከኋላ የሚያጓራው የጭነት መኪናና በሰርቪሱ መስኮት ሃይላንድ የሚያቀብለው የአሰልጣኙ እጅ ነው። ከሱሉልታ ዝቅ ስለሚል አየሩ ትንሽ ይሻላል፣ እግርም ይፈታል። ሶስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ስር ገብተዋል። ሯጮቹ ግን ያን ሳይጠብቁ ነው አንድ ያደረጓቸው፤ ሰኞ አንዱ ጋ፣ ረቡዕ ሌላው ጋ፣ አርብ ሶስተኛው ጋ ናቸው።

የክለብ ዓመት የሚጀምረው ክረምት ላይ ነው፣ ማንም ሳያይ። ሐምሌና ነሐሴ ውድድር የለም፤ ጭቃ ነው ያለው። ጫማው በጭቃ ከብዶ ኪሎ ይሆናል። አሰልጣኝ ወዶ ነው ጭቃ ውስጥ የሚከታቸው። መስከረም ሲጠባ ፍጥነት ይገባል። ህዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ። እ.ኤ.አ በ2001 ኃይሌ ራሱ አሸንፎ የጀመረው ውድድር ለእኛ ለከተሜዎቹ ጭፈራ ነው። ፊት መስመር ላይ ለቆመው ያልታወቀ የክለብ ልጅ ግን ማናጀር የሚያይበት ቀን ነው። ጥርና የካቲት የጃን ሜዳ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ይመጣል፣ የትራኩ ማለት ነው፤ አጭር ርቀት፣ ዝላይ፣ ውርወራ ሳይቀር ነጥብ የሚለቀምበት።

ጃን ሜዳን ራሱን ታውቁታላችሁ፤ ጥምቀት የሚከበርበት ነው። እ.ኤ.አ በ2020 በኮሮናው ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ሜዳው ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጥበት ከረመ። ውድድሩም ስሙን ይዞ ሱሉልታ የወጣበት ጊዜ አለ። ለአዲስ አበባ ተመልካች ሩቅ ነው። ለሯጩ ግን በየሳምንቱ የሚረግጠው መሬት ነው፣ በሜዳው እንደመጫወት ይቆጠራል።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ብዙዎቹ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ የመጡ ናቸው። ሶስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አንዱ ሽሮ ይሰራል፣ አንዱ ቱታ ያጥባል፣ አንዱ በሶ ይበጠብጣል። ጫማ ይዋዋሳሉ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ካልሲ ይደረባል። ቪዛ የመጣለት ልጅ ሲሄድ የድሮ ስፓይኩን ለቀረው ትቶ ነው። ክለብ ማለት እንግዲህ ደሞዝና ማልያ ብቻ አይደለም፣ ቤት ነው። ጥሩነሽ ዲባባን እንውሰድ። ገና ልጅ ሆና ከአርሲ እህቷ እጅጋየሁ ጋ አዲስ አበባ ስትመጣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፏት ነበር። ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች። የቀረውን ታሪክ ቤጂንግና ለንደን ይናገራሉ። ቀነኒሳም ቢሆን ከበቆጂ ተነስቶ የመጣው ወደ ፋብሪካ ክለብ ነው፤ ከቡራዩ አለፍ ብሎ ታጠቅ ላይም ፋብሪካ ያለው ሙገር ሲሚንቶ ያኔ አሳዳጊው ነበር። ኃይሌ ኦሜድላ፣ ምሩጽ ይፍጠር አየር ኃይል። ከክለብ ያልወጣ ትልቅ ሯጭ ፈልጉና አምጡልኝ።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ ዓለምን ጉድ ሲያሰኝ፣ በዚያው ማራቶን 7ኛ የወጣ ሌላ አበበ ነበረን። አበበ ዋቅጅራ ይባላል። ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፣ አሰልጣኛቸውም አንድ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን። ስምንት ዓመት ቆይቶ ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ ጉዳቱ አላስኬድ ብሎት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ የዚያው የክብር ዘበኛ ልጅ ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን አመጣ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያነሳል የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ከሁሉም ግን እኔን የሚያስቀኝም የሚያስደንቀኝም የማድሪዱ ነው። እ.ኤ.አ 1981፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም አገር አቋራጭ ላይ ቀርባለች። የእኛ ልጆች ግር ብለው ፊት ፊቱን ይዘውታል፣ ሌላው ዓለም ከኋላ ይባዝናል። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዙር ተሳሳቱ! አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ፈተለኩ፣ ጨረስን ብለውም ቆሙ። አላለቀም ሲባሉ ሌላው ደርሶባቸው እያለፋቸው ነው። ኳስ ላይ በራስ ግብ ላይ አግብቶ መጨፈር በሉት። ይህ ቡድን ያኔ ቢበተን ማን ይፈርድበታል? አልተበተነም። መሐመድ ከድር እንደገና ተነስቶ አሜሪካዊውን ክሬግ ቨርጂንን እስከ መጨረሻው አሳዶ ሁለተኛ ገባ። የቀሩትም እየተነሱ ሮጡ። ያኔ የሚቆጠረው የስድስት ሰው ደረጃ ነበር፤ ተደመረ፣ የቡድኑ ዋንጫ የኢትዮጵያ ሆነ። ከዚያ በኋላም እስከ 1985 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ማንም አልነጠቀንም።

አቴንስ 2004ን ደግሞ አብዛኞቻችን በዓይናችን አይተናል። በ10 ሺህ ሜትሩ ኃይሌ እግሩን ታሞ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ አዩት፤ ፍጥነት ቀንሰው ጠበቁት። ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ! መምጣት እንደማይችል ሲገባቸው ሄዱ፣ ወርቅና ብር። ኃይሌ አምስተኛ። የሶስቱ ክለብ አንድ አልነበረም። ያን ጠባይ ያመጡት ግን ከሰርቪሱና ከረድፉ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። የዛሬው አትሌት ጌታው ሁለት ነው። አንዱ ክለቡ፣ ሌላው ማናጀሩ። ክለቡ ወር በወር ደሞዝ ይከፍለዋል፣ ጃን ሜዳ ላይ ነጥብ ይፈልግበታል። ማናጀሩ ውጪ ውድድር ያገኝለታል፣ ከሽልማቱም በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል። ሁለቱ የሚጋጩት ደግሞ ጥር ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጥር ላይ ዱባይ አለ። እ.ኤ.አ በጥር ወር 2012 አየለ አብሽሮ፣ የ2009 የዓለም ወጣቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የነበረው ልጅ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያ በሆነው ማራቶን ዱባይ ላይ በ2:04:23 አሸንፎ 250 ሺህ ዶላር ወሰደ። የዱባይ ሽልማት ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም ወሬው አልቀነሰም። በአንድ ቀን ሕይወቱ የሚለወጥበትን ውድድር ትቶ ለክለቡ ስድስተኛ ነጥብ ሊለቅም ጭቃ ውስጥ የሚገባ ማን ነው? አንደኛ የሚወጣው ልጅ እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። ቤተሰብ አለው፣ እግር ደግሞ ዘላለም አይሮጥም።

ችግሩ አራተኛው ጋ ሲደርስ ነው። አራተኛው ዱባይ አልተጠራም። ያለው ክለቡ ነው። ክለቡ ኮከቦቹ በየአገሩ ሲበታተኑበት በአትሌቲክስ ላይ ገንዘብ ለማውጣት ልቡ ይቀዘቅዛል፣ በጀት ሲያንስ እጁ የሚዘረጋው ወደዚያ ነው። የክለብ ሰርቪስ ቆመ ማለት ደግሞ አራተኛው ሰው ሰፈሩ ብቻውን ይሮጣል ማለት ነው። ብቻውን የሚሮጥ ምን እንደሚባል ከላይ ተነጋግረናል። ነገ አንደኛ የሚሆነው ልጅ ዛሬ የማንን ተረከዝ እያየ ያድጋል? የአራተኛውን ነው። ማናጀሮቹም ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ካወቁም ደሞዙን የሚከፍሉት እነሱ አይደሉም።

መሬቱም እየጠበበ ነው። ሱሉልታ ላይ ትናንት የተሮጠበት ሳር ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ይገኛል። ሰበታ ፋብሪካው በዝቷል፣ መኪናውም እንደዚያው፤ አስፋልቱ ላይ ረድፍ መያዝ ነፍስን አሲዞ ነው። ሰርቪሱ በየዓመቱ ትንሽ ራቅ እያለ ይሄዳል። ራቅ ሲል ነዳጅ ይጨምራል፣ ሰዓቱም ወደ ሌሊቱ ይገፋል። ኮከቦቹ የራሳቸውን ትራክ ሰሩ፣ ተመስገን ነው። ሜዳው ግን የሁሉም ነበር።

ውድድሩ ቀን ጃን ሜዳ ብትመጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። አንደኛው ከገባ በኋላ አትሂዱ። ዓይናችሁን ወደ አሰልጣኞቹ መልሱ። ብጣሽ ወረቀት ይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ከርቀት በሚመጣው ጭቃ የለበሰ ሰልፍ ውስጥ የራሳቸውን ማልያ ይፈልጋሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ብለው ይጽፉና እስክሪብቶው ይቆማል። ቀድመው የገቡት ሶስቱ ልጆችም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደዚያው ያያሉ፤ አንዱ ስም ጠርቶ ይጮሃል። እየተንገዳገደ የሚመጣው ልጅ ሁለት ሰው ቀድሞ ቢገባ ዋንጫ ነው፣ ሁለት ሰው ቢቀድመው ምንም። ከገባ በኋላ ማንም ማይክ አይዘረጋለትም። ጓደኞቹ ቱታውን ያለብሱታል፣ ሃይላንድ ይሰጡታል፣ ወደ ሰርቪሱ ይሄዳሉ።

ሰኞ መነሻው ያው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። አስፋልት ስለሆነ ሰበታ ነው የሚወርዱት።